በእጄ የሠራኋቸው ባለሆርን ስፒከሮች ከ14 ወር በኋላ

ስፒከሮቹ ሳሎን ከገቡ 14 ወር ሆናቸው። ቁመታቸው 1.15 ሜትር ነው። ከላይ ሆርን (ድምፁን የሚመራው ቀንድ መሳይ አፍ)፣ ከታች 12 ኢንች ዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው)። ጓደኛዬ መጀመሪያ ያያቸው ቀን «ሞንታርቦ ልታከራይ ነው እንዴ?» ብሎ ስቆብኝ ነበር። አሁን ለራሱ ሊሠራ ተነስቶ የዕቃ ዝርዝር ላክልኝ እያለ ይነዘንዘኛል። ዝርዝሩን ብቻ ብልክለት የእኔኑ ስህተት አንድ በአንድ ይደግመዋል። ስለዚህ የትኛው ዕቃ እንዳስቸገረኝ፣ የትኛው እንደካሰኝ ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ።

ከቀየርኩት ልጀምር። ሆርኖቹን ሙሉ በሙሉ ቀይሬያለሁ። አንድ ሬዚስተር (ኃይል የሚያፍን ዕቃ) አቃጥያለሁ። ክሮስኦቨሩን (ድምፁን ለዉፈሩና ለሆርኑ የሚያከፋፍለውን) 3 ጊዜ ፈትቼ ገጥሜያለሁ። ከገዛኋቸው ጀምሮ ያልተቀየሩት ዉፈሮቹና ኮምፕሬሽን ድራይቨሮቹ (ከሆርኑ ኋላ ታስረው ቀጭኑን ድምፅ የሚያመነጩት) ናቸው። የሚያስቀው፣ ሳምንታት የፈጀሁት እነዚህን ሁለቱን ስመርጥ ነው። ሆርኑን በአንድ ምሽት፣ መልኩ ደስ ብሎኝ ነው ያዘዝኩት።

የመጀመሪያው ሆርን አፉ 18 ሴንቲ ሜትር ስፋት ነበረው። ድምፁን በ90 ዲግሪ ይበትናል ተብሎ የተጻፈበት ነው። ይበትናል፣ ውሸት አይደለም። ግን ሆርን ድምፅን መምራት የሚችለው አፉ ከድምፁ የሞገድ ርዝመት ጋር ሲመጣጠን ነው። 18 ሴንቲ ሜትር አፍ ያለው ባለ90 ዲግሪ ሆርን ከ1,600 ኸርዝ ገደማ በታች መቆጣጠሩን ይተዋል። እኔ ደግሞ ዉፈሩን ከሆርኑ ያገናኘሁት 1,300 ኸርዝ ላይ ነው። ውጤቱ ሶፋው መሀል ስቀመጥ ጥሩ፣ ጫፍ ላይ ስቀመጥ ሌላ ስፒከር ነበር። የዘፋኙ ድምፅ ጎኑ የተቆረጠ ይመስላል። ለአራት ወር ያህል ጥፋቱን በክፍሉ ላይ ሳላክክ ቆየሁ። ምንጣፍ ጨመርኩ፣ መጋረጃ ቀየርኩ። ምስኪን መጋረጃ።

አሁን ያለው ሆርን አፉ 30 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዉፈሩ ስፋት ጋር እኩል ማለት ይቻላል፤ ይህ ደግሞ ለውበት ብቻ አይደለም። 12 ኢንች ዉፈር ድምፁ እየጠበበ ሄዶ 90 ዲግሪ ላይ የሚደርሰው 1,300 ኸርዝ አካባቢ ነው። ሆርኑም እዚያው ላይ 90 ዲግሪውን ይዟል። አንዱ ለሌላው ሲያስረክብ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማ ዝላይ የለም። ከእንግዲህ ሌላ ስፒከር ብሠራ መጀመሪያ ዉፈሩና ሆርኑ የት ላይ እኩል ስፋት እንዳላቸው አያለሁ፣ ድራይቨሩን ከዚያ በኋላ እፈልጋለሁ።

አዲሱ ሆርን ግን የራሱን ጣጣ ይዞ መጣ። የእኔ ድራይቨር በብሎን የሚታሰር ነው፤ ሆርኑ ደግሞ ጥርስ አለው፣ በመጠምዘዝ የሚገባ። ስለዚህ መሀላቸው ማገናኛ ገባ። ገጠምኩት፣ አጫወትኩት። «ሰ» እና «ሸ» ጆሮ ይበሳሉ። ትራምፔት ሲመጣ ሰውነቴ ይሸማቀቃል። መለኪያ ማይክሮፎኑን ደቅኜ ስለካው ከ5 ኪሎ ኸርዝ በላይ መስመሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ይወጣል ይወርዳል። ድራይቨሩ ተበላሽቷል ብዬ ቀኝና ግራውን አቀያየርኩ። ያው ነው።

በመጨረሻ ፈታሁትና በባትሪ መብራት ወደ ጉሮሮው አየሁ። ምንም አይታይም። ትንሿን ጣቴን አስገብቼ ዙሪያውን ዳበስኩ። ያን ጊዜ አገኘሁት። ማገናኛውና ሆርኑ የሚገናኙበት ላይ 1 ሚሊ ሜትር የምትሆን ከንፈር አለች። ከእሷ ቀጥሎ ደግሞ የጎማው ማሸጊያ በብሎኖቹ ተጨፍልቆ ወደ ውስጥ አብጧል። ከድራይቨሩ የሚወጣው ድምፅ እዚህ ቦታ ላይ ገና 25 ሚሊ ሜትር በሆነ ቀዳዳ ነው የሚያልፈው። እዚህ ላይ የሚያጋጥመው ትንሽ እንቅፋት ድምፁን መልሶ ወደ ድራይቨሩ ይገፋዋል። እርሳስ ላይ ብርጭቆ ወረቀት ጠቅልዬ ግማሽ ቀን ሙሉ ሳለሰልስ ዋልኩ። ጎማውን በምላጭ ቆርጬ አሰፋሁት። ብናኙን ጠርጌ፣ በእርጥብ ጨርቅ ወልውዬ፣ መልሼ አሰርኩት። መጋዙ ጠፋ ማለት ይቻላል። ከዚህ ሁሉ ወር ውስጥ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ያ ግማሽ ቀን ነው፤ ምንም አልተገዛም።

ሌላው ሳይነግሩኝ ያለፉት የኃይል ጉዳይ ነው። ዉፈሬ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 96 ዴሲቤል ይሰጣል። ድራይቨሩ ከሆርኑ ጋር 108። ከዉፈሩ በ12 ዴሲቤል በልጦ የሚጮኽ ትዊተር (የቀጭን ድምፅ ስፒከር) እንደማለት ነው፤ መታፈን አለበት። በ8 ኦም ላይ 12 ዴሲቤል ለመቀነስ በመስመር 6 ኦም፣ በትይዩ 2.7 ኦም ሬዚስተር ያስፈልጋል። ሒሳቡ ቀላል ነው። ያላሰብኩት ግን ወደ ሆርኑ ከሚሄደው ኃይል ሦስት አራተኛው ያ 6 ኦም ላይ ሙቀት ሆኖ እንደሚቀር ነው። 5 ዋት የሚችል ሬዚስተር ነበር የተጠቀምኩት። እሱንም ሳጥኑ ውስጥ ካለው ጥጥ ጋር አጣብቄ አስቀምጬው ነበር። አንድ ቀን ሰዎች መጥተው ድምፁን ለብዙ ሰዓት ከፍ አደረግን። መጀመሪያ ሽታው መጣ። ከዚያ የቀኙ ሆርን ዝም አለ። አሁን 20 ዋት የሚችል ነው፤ ከሳንቃው ከፍ ብሎ፣ ከጥጡ ርቆ ተቀምጧል።

እዚያው 6 ኦሙ ላይ በትይዩ 4.7 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያሳልፍ ዕቃ) አለ። ድምፅን እኩል የሚበትኑ ሆርኖች ወደ ላይኛው ድምፅ ሲሄዱ ይደክማሉ፤ ካፓሲተሩ ከ5 ኪሎ ኸርዝ ገደማ በላይ ያለውን ሳያፍን ያሳልፈዋል። ያለ እሱ ሲምባሉ ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስላል።

ዋናዎቹን ካፓሲተሮች በተመለከተ ብዙ አልልም። ፖሊፕሮፒሊን የሚባለውን የፕላስቲክ ዓይነት ተጠቀሙ፣ ልኩ ትክክል ይሁን፣ በቃ። ውድ የሚባሉትንም ሞክሬ ነበር። እህቴ ሳታሳየኝ እየቀያየረችልኝ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ሽቦም እንደዚያው ነው፤ ወፍራም መዳብ ይበቃል። የዉፈሩ ኮይል (ክሮስኦቨሩ ላይ ያለው ጥምጥም ሽቦ) ላይ ግን አትሰስቱ። በቀጭን ሽቦ የተጠመጠመ ኮይል ራሱ ኃይል ይበላል፣ ቤዙንም ያላላዋል። ሁለት ኮይሎችን ደግሞ ጎን ለጎን አታስቀምጡ። አንዱን አጋድሙት፣ ሌላውን አቁሙት፤ አለዚያ እርስ በርስ ይነጋገራሉ።

ክሮስኦቨሩን ሁለተኛ ጊዜ የፈታሁት 1,300 ኸርዝ ላይ ትልቅ ጉድጓድ ስላገኘሁ ነው። ምክንያቱ ርቀት ነው። የሆርኑ ድራይቨር ኋላ ነው ያለው፣ ከዉፈሩ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ። የ1,300 ኸርዝ ሞገድ 26 ሴንቲ ሜትር ነው። ማለትም ሆርኑ በትክክል ግማሽ ሞገድ ዘግይቶ ይደርሳል፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል። መፍትሔው የሆርኑን ሁለት ሽቦ ማቀያየር ብቻ ነበር፣ ፖዘቲቩን ወደ ኔጌቲቭ። ጉድጓዱ ሞላ። የእናንተ ርቀት ሌላ ሊሆን ስለሚችል ለክታችሁ ወስኑ። መለኪያ ማይክሮፎን ከሌላችሁ ድራይቨሩን ርካሽ አድርጋችሁ ማይክሮፎን ግዙ። ድምፁን የሚለካው ሩም ኢኪው ዊዛርድ የሚባለው ፕሮግራም እንደሆነ በነፃ ነው።

ዉፈሩ ኮርቻለሁ የምለው ምርጫ ነው። ጠርዙ በጨርቅ እጥፋት የተሠራ ነው እንጂ ስፖንጅ አይደለም። ስፖንጅ ጠርዝ ከዓመታት በኋላ እንደ ደረቅ ኬክ ይፈረፈራል። ሳጥኑ 70 ሊትር ነው፣ የአየር ቱቦው 45 ኸርዝ ላይ የተቃኘ። የቤዝ ጊታር ምት ደረት ላይ ይመታል፤ ከ40 ኸርዝ በታች ግን ምንም የለም። ይህ ጉድለት አይደለም፣ አውቄ የገባሁበት ምርጫ ነው። ሆፍማን የሚባል መሐንዲስ ያስቀመጠው ሕግ አለ፦ በትንሽ ኃይል መጮኽ፣ ጥልቅ ቤዝ፣ ትንሽ ሳጥን፤ ከሦስቱ ሁለቱን ነው የምታገኙት። ፊልም የሚወድ ሰው ሰብዉፈር ይጨምር።

አምፕሊፋየሬ 20 ዋት ነው፤ ከግማሹ በላይ ከፍቼው አላውቅም። ግን ሆርን ምስጢር አይደብቅም። ጸጥታ ሲሆን ሆርኑ አጠገብ ጆሮዬን ሳስጠጋ «ሽሽሽ» ይላል። ወንበሬ ላይ ሆኜ አይሰማኝም። በፊት የነበረው ትልቁ አምፕ ላይ ግን ማታ ማታ ከወንበሬም ይሰማኝ ስለነበር ሸጥኩት።

ሳጥኑ 18 ሚሊ ሜትር ኤም.ዲ.ኤፍ ነው። የግራው ታችኛ ጥግ አብጧል፤ ወለል ሲወለወል ውሃ እየጠጣ። ከሥሩ ጎማ እግር ያላደረግሁት እኔ ነኝ። ብሠራው ደግሜ በኮምፔንሳቶ ነው የምሠራው።

ጓደኛዬ ባለፈው ሳምንት ሆርኖቹን ገዝቶ መጣ። አፉ 32 ሴንቲ ሜትር፣ ጥሩ ነው። ድራይቨሩን አስሮታል። ስለ ድራይቨሩ ዲያፍራም (የሚርገበገበው ስስ ሽፋን)፣ ስለ ቲታኒየም ሊነግረኝ ሲጀምር ካቻቢቴ አንስቼ ፈታሁትና ትንሿን ጣቴን ጉሮሮው ውስጥ ከተትኩ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለኝ።

«ብርጭቆ ወረቀት አለህ?» አልኩት።