ከማራኪ በር የሚገዛው የአልጎሪዝም ሃንድአውት፦ ምሳሌው ሸጋ፣ ኮዱ ጎደሎ

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ በር አካባቢ ፎቶኮፒ ቤቶች የሚሸጡት፣ ያዘጋጀው ሰው ስም ያልተጻፈበት የአልጎሪዝም ሃንድአውት ዋጋው ከኮፒው ሒሳብ አይዘልም። የመርጅ ሶርቱ ክፍል (ዝርዝርን ለሁለት ከፍሎ፣ እያንዳንዱን ደርድሮ የሚያዋሕደው ዘዴ) የትም ይገኛል። የሚያስገዛው በዚያው ድርደራ መሐል የሚካሄደው የኢንቨርዥን (የተገለበጡ ጥንዶች) ቆጠራው ነው፤ ክፉኛ የሚያሳስተውም እሱው።

ምሳሌው ሸጋ ነው። አምስት የጎንደር ነገሥታት በዘመናቸው ቅደም ተከተል ቁጥር ይዘዋል፦ ፋሲል 1፣ ቀዳማዊ ዮሐንስ 2፣ ቀዳማዊ ኢያሱ 3፣ ሣልሳዊ ዳዊት 4፣ በካፋ 5። ተማሪ ኢያሱ፣ ፋሲል፣ በካፋ፣ ዮሐንስ፣ ዳዊት ብሎ ቢደረድር 3 1 5 2 4 ይሆናል። ትልቁ ከትንሹ የቀደመበት ጥንድ ሁሉ አንድ ኢንቨርዥን ነው፤ ከ10 ጥንዶች እዚህ 4ቱ ተገልብጠዋል።

አከፋፈሉም ግልጽ ነው፦ ግራ 3 1 5፣ ቀኝ 2 4። ግራው ውስጥ 1 ኢንቨርዥን አለ፣ ቀኙ ውስጥ የለም። ተደርድረው 1 3 5 እና 2 4 ሆነው ሲዋሐዱ፣ 2 ሲወጣ ግራ የቀሩት 3 እና 5 ናቸውና 2 ይደመራል፤ 4 ሲወጣ 5 ብቻ ቀርቷልና 1። ድምር 1+0+3=4።

ኮዱ ግን ግራው ሳያልቅ ከቀኝ ቁጥር በወጣ ጊዜ ሁሉ 1 ብቻ ይደምራል። በገዛ ምሳሌው ቢሮጥ 3 ይመልሳል! መደመር ያለበት ግራ የቀሩት ብዛት ነው፤ ግራው ተደርድሯልና የፊተኛው ከበለጠ የኋለኞቹም ይበልጣሉ።

ሌላው ጥፋት የኮፒ ማሽኑ ነው። ኮፒ ከኮፒ ሲነሣ፣ ግራውን ከቀኙ የሚያወዳድረው ምልክት «≤» የታችኛው ሰረዙ ጠፍቶ «<» ሆኗል። በዚህ እኩል ቁጥሮች ሲገናኙ ቀኙ ይቀድምና 7 7 እንኳ ኢንቨርዥን ተብሎ ይቆጠራል። በእስክሪብቶ መልሱት።

ቆጣሪው ኢንት (መጠኑ የተወሰነ የሙሉ ቁጥር ዓይነት) መሆኑ የሚያመጣው ችግር በትንሽ ዝርዝር አይታወቅም። ሙሉ በሙሉ የተገለበጠ ዝርዝር 65,536 ቁጥር እስኪኖረው ይበቃል፤ 65,537 ላይ ድምሩ 2,147,516,416 ደርሶ ኢንት ከሚይዘው ከ2,147,483,647 ያልፋል፣ መልሱም ኔጌቲቭ ይወጣል። ሎንግ ሎንግ (ሰፊውን ዓይነት) አድርጉት። ፓይተን ለሚጽፍ ይህ ጭንቀት የለም።

ሁለት ሰዎች የሰጡትን ደረጃ ስለማወዳደር የተጻፈው ግማሽ ገጽ ዋናውን እርምጃ ዘሎታል፦ መጀመሪያ በአንደኛው ሰው ቅደም ተከተል 1፣ 2፣ 3 ብሎ ቁጥር መስጠት፣ ከዚያ የሁለተኛውን ዝርዝር በእነዚያ ቁጥሮች ጽፎ መቁጠር። ካልሆነ የሚቆጠረው የሁለቱ ልዩነት አይደለም። ቆጠራው ዝርዝሩን ደርድሮ ስለሚተወው በዝርዝሩ ቅጂ ላይ ይሠራ።

ከመክፈል በፊት የውሕደቱን ገጽ ገልጦ ማየት ይበጃል፤ አንዳንዱ ቅጂ ላይ የመጨረሻው መስመር፣ የተዋሐደውን ወደ ዋናው ዝርዝር የሚመልሰው፣ ተቆርጦ ቀርቷል።