የሠራተኛ ቅነሳ ባደረገ አየር መንገድ የተሳፈርነው በረራ፦ ከአምስት ሁለት ኮከብ

ሁለቱም ኮከብ የሠራተኞቹ ነው። ለአየር መንገዱ የምሰጠው የለኝም።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2022 እናቴን ይዤ ተጓዝኩ። ጉልበቷን ስለሚያማት ዊልቸር ትኬቱን ስንቆርጥ ነው ያስመዘገብነው። ኤርፖርት ስንደርስ ከስምንቱ የቼክ ኢን መስኮቶች ሰው ያለባቸው ሁለት ናቸው። ዊልቸር 50 ደቂቃ ጠበቅን። ወንበሮቹ ግድግዳ ሥር ተደርድረው ይታዩናል፤ የጠፋው የሚገፋ ሰው ነው። በስተመጨረሻ አንድ ልጅ ላቡ እየተንጠባጠበ መጣና፣ «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ለዚህ ሁሉ መንገደኛ ዛሬ የገባነው ሦስት ነን» አላት። «አይዞህ ልጄ፣ መጀመሪያ ውሃ ጠጣ» አለችው።

በ2020 በኮሮና ምክንያት፣ ከዓመት በፊት 4.5 ቢሊዮን ገደማ የነበረው የዓለም መንገደኛ ወደ 1.8 ቢሊዮን ወረደ። አውሮፕላን ቆሞ ደመወዝ መክፈል ከባድ መሆኑ ይገባኛል። ግን አቀናነስም አለ። የአሜሪካው አየር መንገድ ዴልታ ከ17,000 በላይ ሠራተኛ በፈቃዱ ጥቅማ ጥቅም ይዞ እንዲለቅ አደረገ። የአውስትራሊያው አየር መንገድ ካንታስ በበኩሉ የምድር ሠራተኞቹን አሰናብቶ ሥራውን ለኮንትራክተር ሰጠ፤ ፍርድ ቤት ሕገ ወጥ ነው ብሎ በ2025 90 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቀጣው። ገበያው ሲመለስ ደግሞ ሰው በአንድ ጀንበር አይገኝም፤ ለአዲስ ሠራተኛ የኤርፖርት መግቢያ ባጅ ለማውጣት የጀርባ ታሪክ ማጣራቱ ብቻ ሳምንታት ይፈጃል። እኛ በተጓዝንበት ወር የለንደኑ ሂትሮው ኤርፖርት የሚነሳውን መንገደኛ በቀን 100,000 ላይ የገደበው ሠራተኛ አጥሮ ነው።

አውሮፕላኑ ውስጥ ለ180 መቀመጫ አራት አስተናጋጆች ነበሩ። ሕግ አላፈረሱም፤ በብዙ አገር ትንሹ ልክ ለ50 መቀመጫ አንድ ነው። ያ ልክ ግን አደጋ ቢመጣ ሰው ለማስወጣት የተሰላ እንጂ መድኃኒቷን የምትውጥበት ውሃ ለጠየቀች እናት አይደለም። ውሃው የመጣው ከ40 ደቂቃ በኋላ ነው፤ ያመጣችው አስተናጋጅ ግን ጎንበስ ብላ ክኒኑን ከእሽጉ አውጥታ ሰጠቻት።

ስናርፍም ዊልቸር የለም። ሌሎቹ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ሲወርዱ ያቺው ልጅ ኮቷን ደርባ ቀረች። የእናቴን ክንድ ይዛ እስከ ፓስፖርት መቆጣጠሪያው ቀስ እያለች አደረሰቻት። ስሟን ጠይቄ ለአየር መንገዱ የምስጋና ደብዳቤ ላክሁ፤ የሚቀጥለው የቅነሳ ዝርዝር ሲዘጋጅ ማኅደሯ ውስጥ እንዲገኝ።