ሁሉን ጎራሹ ሶኬት ወይስ ክቡ?

ቤት የሚያድስ ወዳጅ ሁሉ ቀለሙን ከመረጠ በኋላ የሚደውልልኝ በሶኬት ጉዳይ ነው። መልሴ አንድ ነው፦ ጎድጎድ ያለውን ክብ ሶኬት ግዙ፣ በጠርዙ ሁለት የብረት ምላስ ያለውን።

ሰው የሚገዛው ግን ሌላውን ነው። ክብ እግር፣ ጠፍጣፋ እግር፣ ከዱባይ የመጣውንም ባለ ሦስት እግር ሁሉንም የሚጎርሰውን። እኔም ገዝቼዋለሁ። ያኔ አንዱ 120 ብር ነበር፤ ክቡ 310። በ14 ሶኬት 2,660 ብር አተረፍሁ ብዬ ደስ አለኝ።

ወር ሳይሞላ ባለቤቴ እንጀራ ስትጋግር የምጣዱ ጠርዝ ይነዝራት ጀመር። የላስቲክ ጫማ ስታደርግ ይተዋል፤ በባዶ እግሯ ስትቆም ይመለሳል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሶኬቱን ፈትቶ ሲያይ ቢጫና አረንጓዴው የኧርዝ ሽቦ፣ ያመለጠ ኮረንቲን ወደ መሬት የሚወስደው፣ በሥርዓቱ ታስሯል። ጉዱ ሌላ ነው። የምጣዳችን መሰኪያ ኧርዝ የሚያገኘው በጎንና ጎኑ ባለው ብረት ነው፤ ሁሉን ጎራሹ ደግሞ ኧርዙን የያዘው በሦስተኛው ቀዳዳ ውስጥ ነው። ሁለቱ እግሮች ይገባሉ፣ ምጣዱ ይግላል፣ ኧርዙ ግን ከምንም አልተገናኘም። አብዛኛው ፍሪጅና ልብስ ማጠቢያም እንደዚሁ ነው።

በአገጣጠም ግን ልመስክርለት። ሁሉን ጎራሹ በሁለት ብሎን ግድግዳው ውስጥ ካለው ሳጥን ጋር ስለሚታሰር አይነቃነቅም። ርካሹ ክብ የሚይዘው ሳጥኑን ከውስጥ በሚቧጥጥ የብረት ጥፍር ብቻ ነው፤ የፍሪጁን መሰኪያ ስትነቅሉ ሶኬቱ አብሮ ወጥቶ ሽቦው ላይ ይንጠለጠላል። ስለዚህ ከጥፍሩ በተጨማሪ የብሎን ቀዳዳ ያለውን ምረጡ። ሳጥኑንም ከልስን በፊት ወስኑ። የእኔ ሳጥኖች አራት ማዕዘን ስለነበሩ ክቡን ለማስገባት ግድግዳው ተፈለፈለ፤ ለመፈልፈሉና ለልስኑ 3,500 ብር ከፈልሁ። የክቦቹ ዋጋ ለብቻው ነው።

ክብ ስለሆነ ብቻ ግን አትመኑት፤ ቅጂው ብዙ ነው። እኔ ሱቅ ስሄድ ትንሽ ማግኔት እይዛለሁ። ዙሪያውን ያለው ፍሬም ቢሳብ ግድ የለም፤ እግሩን የሚጨብጠው ክፍል ከተሳበ ግን ነሐስ የተቀባ ብረት ነው። አንድ ነጋዴ ማግኔቱን ሲያይ ከጀርባው ካለው መደርደሪያ ሌላ ካርቶን አወጣልኝ፤ 40 ብር ጨምሮ።

ምጣዱን በተመለከተ ክቡም አያድናችሁም። 3,500 ዋት በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ሶኬቱ የሚችለው ጣሪያ ይኸው 16 ነው። የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ስጡት።

ቤቱ ኧርዝ ከሌለው ሠራተኛው «ከኒውትራሉ ላያይዘው» ሊላችሁ ይችላል፤ ኮረንቲው ከሚመለስበት ሽቦ ማለቱ ነው። እንዳትፈቅዱለት። ኒውትራሉ አንድ ቀን ቢበጠስ የፍሪጁ በር ራሱ ኮረንቲ ይሆናል።

ማብሪያ ማጥፊያ ላይ ብዙ አልጨነቅም። ፊቱ ፕላስቲክ ከሆነ ደህናው ርካሽ ይበቃል፤ ለጌጥ ብላችሁ ፊቱ ብረት የሆነውን ከገዛችሁ ግን እሱም ኧርዝ ይፈልጋል።

ከ14ቱ ሁሉን ጎራሾች አንዱ ሳሎን ውስጥ ቀርቷል። ስልክ ቻርጅ እናደርግበታለን።