ሞተሩ ደህና ነበር፤ ምስጋና ለደብረ ማርቆሱ ጋሼ

ስማቸውን እንዳልጠራ አደራ ብለውኛል። ስለዚህ ጋሼ እያልኩ ልቀጥል።

መኪናዬ አሮጌ ላንድክሩዘር ፒካፕ ናት። ሞተሯ 4.2 ሊትር ናፍታ ነው፣ ቱርቦ የለውም። ከረቡዕ ገበያ ወደ ማርቆስ ድንች የምጭነው በሷ ነው። የጮቄን ጭቃ በክረምት የቀመሰ ሰው ያውቀዋል። አምና ሆዷ መሬት መንካቱ ሲያማርረኝ 7.50 በ16 የነበረውን ጎማ አውጥቼ 35 ኢንች አስገባሁ። ቁመናዋ አማረ፤ ጉልበቷ ግን ድራሹ ጠፋ። በሦስተኛ ማርሽ እወጣው የነበረውን የደጀን ዳገት በሁለተኛ እያቃሰተች ሆነ። አምስተኛ ማርሽማ ለጌጥ ቀረ። ፍሪሲዮኑ ይሸታል።

አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። «ሞተሩ አልቋል፣ ይውረድ» አሉኝ። ብር ለመበደር ስሯሯጥ ነው አንድ የአይሱዙ ሾፌር ወደ ጋሼ የላከኝ።

ጋሼ ኮፈኑን እንኳ አልከፈቱም። ጎማውን አይተው «ይህን መቼ አስገባህ?» አሉኝ። ከዚያ ጎማውና የኋላው ትራንስሚሽን ዘንግ (ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው) ላይ በጠመኔ ምልክት አደረጉና ሜዳ ላይ እንድንገፋት አዘዙ። ጎማው አንድ ዙር ሲሞላ ዘንጉ አራት ዙርና ጥቂት ዞረ። «ዲፈረንሻሉ 4.11 ነው። ኮሮናው (ትልቁ ጥርስ) 37፣ ፒኞኑ (ትንሹ) 9» አሉ። 37 ለ9 ሲካፈል ማለት ነው። በኋላ ሲፈታ ቆጠርኩት፤ ልክ ነበሩ።

ጎማው ባደገ ልክ ይህ ቁጥር ካላደገ ሞተሩ ይከብደዋል አሉና ስሌቱን በካርቶን ቁራጭ ላይ አሳዩኝ። 4.11 ሲባዛ በ35፣ ሲካፈል ለ32፤ የድሮው ጎማ ቁመት ወደ 32 ኢንች ስለሆነ ነው። 4.5 ይመጣል። «የድሮ ጉልበቷን ብቻ ከፈለግህ 4.56 ይበቃሃል። ግን አንተ ጭነት አለብህ። አገሩም ደጋ ነው፣ አየሩ ስስ ሁኖ ቱርቦ የሌለው ሞተር ይደክማል። 4.88 አስገባ።»

«5.29 ካለ ለምን እሱን አናደርገውም?» አልኳቸው። ሳቁብኝ። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ፒኞኑ እያነሰ ስለሚሄድ ጭነት ላይ ቶሎ ይሰበራል። አስፋልት ላይም ሞተሩ ሲጮህ ይውላል አሉኝ።

ወጪ ለመቀነስ የኋላውን ዲፈረንሻል ብቻ እንቀይር ብዬም ነበር። ተቆጡ። የፊትና የኋላው ቁጥር ከተለያየ ፎር ዊል ያስገባሁ ቀን አንዱ አንዱን ይጎትተዋል፣ የሆነ ነገር ይሰበራል። «እንዲያ ከሆነ ሌላ ሰው ፈልግ» ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ። ሁለቱንም አዘዝኩ፤ ዕቃው ከአዲስ አበባ መጣ።

ሥራቸውን ቆሜ አየሁት። ጥርሱ ላይ ቀለም ቀብተው ያዞሩታል፣ ጥርስ ከጥርስ የነካካበትን ቦታ ያያሉ፣ ካልጣማቸው መልሰው ይፈቱታል። የኋላውን ሦስት ጊዜ ፈቱት። ኩሽኔታዎቹንም አዲስ አደረጉ። ሲጨርሱ ምክራቸው ይህ ነበር፦ መጀመሪያ አጭር አጭር እየነዳህ አቀዝቅዛት፣ ከባድ ጭነት አታስነካት፣ 800 ኪሎ ሜትር ላይ የዲፈረንሻሉን ዘይት ቀይር።

አሁን የደጀንን ዳገት ተጭና በሦስተኛ ትወጣለች። እኔን የበለጠ ያስደሰተኝ ግን ቁልቁለቱ ነው። ወደ አባይ ስወርድ ሞተሩ ራሱ ይይዛታል፤ ፍሬን ላይ እንደ በፊቱ አልተኛም። በ90 ላይ ጩኸቷ ጨምሯል፣ እሱን አልደብቅም። የፍጥነት መቁጠሪያዋም ይዋሻል። ጎማው ብቻ እንደተቀየረ 80 እያለችኝ 88 ገደማ እሄድ ነበር፤ አሁን 80 ስትል 74 ገደማ ናት። ይሄኛው ውሸት ይሻለኛል።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያልታመመ ሞተር ከመውረድ አዳኑልኝ።

ትልቅ ጎማ አስገብታችሁ መኪናችሁ የደከመባችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ግን ቀድማችሁ እወቁት፦ ስልክ አያነሱም፣ ወረፋ አላቸው፣ በ12 እና በ21 ደግሞ ጋራዡ ዝግ ነው።