አሮጌ ዲኤክስ (የድሮዋን ቶዮታ ኮሮላ) መግዛት ወይስ የአጎትን መኪና መዋስ?

ደብረ ማርቆስ ያለው ታናሽ ወንድሜ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ጀምሮ ጥያቄው ይኸው ነው።

ወጪ፦ ዲኤክስ ሲገዛ ዋጋው መጀመሪያው ነው። ቦሎ፣ የሶስተኛ ወገን መድን፣ ጎማ፣ ፍሬን ሸራ ይከተላሉ። መለዋወጫው ግን አያስቸግርም። ለተዋሱት መኪና ነዳጅ ሞልቶ፣ አጥቦ መመለስ ይበቃል።

አደጋ፦ እዚህ ላይ ረጋ እንበል። ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ቁልቁለቱ ከ1000 ሜትር በላይ ነው። ፍሬኑ የደከመ መኪና እዚያ ሕይወት ያስከፍላል። በከባድ ማርሽ (በአንደኛ ወይም በሁለተኛ) ነው የሚወረደው፤ ፍሬን ላይ ብቻ ከተንጠለጠሉ ይግላል፣ ከዚያም አይዝም። ከመግዛትህ በፊት መካኒክ ይየው፣ እባክህ። የውሰቱ ስጋት ሌላ ነው። የሶስተኛ ወገን መድን በሌላው ላይ ላደረስከው ጉዳት እንጂ ለአጎታችን ለጋሼ መኪና አይከፍልም። እኔ አንዴ በሩን አስጭሬ፣ ቤታቸው ለመሄድ ወራት አፍሬያለሁ።

ምቾት፦ እናታችን ሌሊት ቢያማት የራስህ መኪና ደጅ ላይ አለች። ለውሰት መደወል፣ መለመን አለ።

በየቀኑ ከተማ ውስጥ ለሥራ የምትመላለስና ለጥገና የሚሆን ቁጠባ ያለህ ከሆነ ግዛ። በወር አንዴ ዘመድ ጥየቃ ደብረ ኤልያስ ለመሄድ ከሆነ ግን ጋሼን ጠይቃቸው። አዲስ አበባ ድረስ ከሆነ፣ ለጊዜው አውቶብስ ይሻልሃል።