የፈረንሳይ ባንክ ወረቀት በስልክ ተርጉማችሁ አትፈርሙ

ፈረንሳይ ላላችሁ ወገኖች፣ በተለይ ቋንቋው ገና ላልገባችሁ። እኔን የበላኝ እናንተንም እንዳይበላችሁ ነው።

እንግሊዝኛዬን ተማምኜ የባንክ ወረቀት በመጣ ቁጥር በስልኬ ፎቶ አንስቼ ወደ እንግሊዝኛ አስተረጉም ነበር። ሂሳብ ስከፍት ሠራተኛዋ «ኦፍር ግሩፔ» የሚል ነገር አቀረበችልኝ። ስልኬ «ኦፈር» አለ። እኛ ዘንድ ኦፈር ቅናሽ ነዋ! ደስ ብሎኝ ፈረምኩ። ለካ በየወሩ የሚከፈልበት ጥቅል ነው። ካርዱ፣ የካርድ ስርቆት ኢንሹራንስ፣ የስልክ መልእክቱ ሁሉ አንድ ላይ ታስሯል። ኢንሹራንሱ ግዴታ አይደለም፣ ካርዱን ለብቻው መውሰድም ይቻላል። ይህን ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። በስቴትመንቱ ላይ «ኮቲዛስዮን» ተብሎ ሲቆረጥ ስልኩ «መዋጮ» የሚመስል ቃል ሰጠኝ። እድር የገባሁ ነው የመሰለኝ።

እውነተኛው ጉድ ግን «ኮሚስዮን ዳንቴርቫንስዮን» ነው። በእንግሊዝኛ ሳነበው አንድ ሰው ጣልቃ ገብቶ የሆነ ችግር የፈታልኝ መሰለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሂሳባችሁ ውስጥ ገንዘብ ሳይኖር፣ ወይም ከተፈቀደላችሁ ኦቨርድራፍት (ሂሳባችሁ ከዜሮ በታች እንዲወርድ ባንኩ ከፈቀደው መጠን) በላይ ወጥታችሁ ክፍያ ሲመጣ፣ ባንኩ ጉዳዩን አየሁት ብሎ በእያንዳንዱ ክፍያ ያስከፍላችኋል። አንድ ቅዳሜና እሁድ ዳቦ፣ ቡና፣ የሜትሮ ቲኬት እያልኩ አምስት ጊዜ ካርዴን ነካሁ። አምስት ጊዜ 8 ዩሮ፣ 40 ዩሮ ሄደ። ቡናው ራሱ 3 ዩሮ አይሞላም! እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2014 ጀምሮ ሕጉ በአንድ ክፍያ ከ8፣ በወር ከ80 ዩሮ እንዳያልፍ ገድቦታል። «አዥዮ» የሚባለው ደግሞ ሌላ ነው፤ የኦቨርድራፍቱ ወለድ ነው። ስልኬ ይህን ቃል እንዳለ ነው የተወው። ለአንድ ጉድለት ሁለቱንም ትከፍላላችሁ።

«ፕሬሌቭማን»ን ስልኩ «ወጪ» ሲለው ካርዴን ሰው የሰረቀኝ መስሎኝ ላዘጋው ነበር። የመብራትና የስልክ ድርጅቶች በቀጥታ ከሂሳብ የሚወስዱት ክፍያ ነው። ገንዘብ ጠፍቶ ከተመለሰ ቅጣቱ እስከ 20 ዩሮ ነው፤ ከተመለሰው ክፍያ መጠን ግን ሊበልጥ አይችልም።

እንግሊዝኛውን ትታችሁ የፈረንሳይኛውን ስም እንዳለ ያዙ። የዋና ዋናዎቹ ክፍያዎች ስም በሕግ አንድ ዓይነት ስለተደረገ፣ የአንዱን ባንክ ታሪፍ ከሌላው ጋር ቃል በቃል ማስተያየት ይቻላል። በየጃንዋሪ ወር የዓመቱን ክፍያ ሁሉ ደምሮ የሚያሳይ ወረቀት በነፃ ይመጣላችኋል፤ አትጣሉት። እንደነዚህ ያሉት የጉድለት ክፍያዎች ከመቆረጣቸው ቢያንስ 14 ቀን ቀድሞ ባንኩ ሊያሳውቃችሁ ይገባል። በዚያ መሀል ሄዳችሁ «ዤስት ኮሜርስያል» አድርጉልኝ በሉ፤ ባንኩ በፈቃዱ ክፍያውን እንዲተውላችሁ ወይም እንዲመልስላችሁ መለመን ነው። እኔ ግማሹን አስመለስኩ። ሁለተኛ ጊዜ ግን እምቢ አሉኝ።

ገቢያችሁ ዝቅ ያለና በተደጋጋሚ የሚጎድልባችሁ ከሆነ «ክሊያን ፍራዢል» ለሚባሉት የተዘጋጀውን አገልግሎት ጠይቁ። ስሙ እንደ ብርጭቆ ካርቶን «ተሰባሪ» ቢያስመስላችሁም አትፈሩ። በወር ከ3 ዩሮ አይበልጥም፣ ያ «ኮሚስዮን ዳንቴርቫንስዮን»ም በአንድ ክፍያ ቢበዛ ወደ 4 ዩሮ ይወርዳል።

ጥቅሉን አሰርዤ ካርዱን ብቻ አስቀርቻለሁ። «ኮቲዛስዮን» አሁንም ይቆረጣል፣ የካርዱ ዓመታዊ ክፍያ። ይቺን ግን አውቄ ነው የምከፍለው።