ኤስኤስዲው አልታይ ሲል የቱን ልግዛ? አዲስ ስም የለሽ፣ ስላሽ (ያገለገለ) ወይስ አዲስ ኦሪጅናል

ትናንት ማታም አንዱ ፎቶ ላከልኝ። ጥቁር ስክሪን፣ «ኖ ቡታብል ዲቫይስ» የሚል ጽሑፍ (የምነሳበት ዲስክ አጣሁ ማለት ነው)፣ ከስሩ ደግሞ «ኤስኤስዲው ሞቷል፣ የቱን ልግዛ?»። ኤስኤስዲ ማለት ዊንዶውሱና ፋይሉ የሚቀመጥበት ዲስክ ነው። በዚ ወር ብቻ አራተኛው ነው እንደዚ ብሎ የጠየቀኝ፣ ስለዚ አንዴ ጽፌው ልገላገል፣ ለሚቀጥለው ሰው ይሄንኑ ነው የምልከው።

መጀመሪያ ግን እውነት ሞቷል ወይ? ማሽኑን ስታበሩ ኤፍ2 ወይ ዲሊት፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ10 እየነካካችሁ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመግባቱ በፊት ያለው የማሽኑ ሴቲንግ) ግቡና የኤስኤስዲው ስም መኖሩን እዩ። ስሙ ካለ ብር አታውጡ፣ ችግሩ የቡት ሴቲንግ ወይ የዊንዶውሱ ሊሆን ይችላል። እኔ ናዝሬት ኮፒና ጽሕፈት ቤት ነው ያለኝ፣ አንዱ ዴስክቶፕ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ድሮ ዓመት ይመለስና ዊንዶውስ አልገባም ይል ነበር፣ ሰርቪስ ያሳየሁት ልጅ «ኤስኤስዲ ይቀየር» አለኝ፣ ለካ ቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ሲአር2032 አልቃ ባዮሱ ዩኢኤፍአይ (አዲሱ የማስነሻ ዘዴ) የነበረውን ወደ ሌጋሲ (ወደ ድሮው) እየመለሰው ነው። በ80 ብር ባትሪ አለቀ።

ስሙ ከሌለስ? ኬብሉንና ፖርቱን ቀይሩ፣ ካልሆነ በዩኤስቢ ካዲ (ዲስኩን ከውጭ በዩኤስቢ የሚያገናኝ ቀፎ) ሌላ ማሽን ላይ ሞክሩት። መብራት ድንገት ጠፍቶ ከሆነ እንዲህ የጠፋው፣ ክሩሻል የሚባለው የኤስኤስዲ አምራች ራሱ የሚመክራት አንድ ዘዴ አለች፦ ዳታ ኬብሉን ነቅሎ ፓወሩን ብቻ ሰክቶ 20 ደቂቃ መተው፣ 30 ሰከንድ ነቅሎ ማቆየት፣ ከዛ እንደገና 20 ደቂቃ። እኔ ሶስቴ ሞክሬ አንዴ ሰርታልኛለች። ከተመለሰላችሁ ግን ደስ ብሏችሁ ስራ እንዳትጀምሩበት፣ ፋይላችሁን ቶሎ አውጡ። ባዮስ ላይ የብራንዱ ስም ቀርቶ «ሳታፈርም ኤስ11» የሚል ከመጣ ግን የውስጡ ፈርምዌር (ኤስኤስዲውን የሚያሰራው ፕሮግራም) ተበላሽቷል ማለት ነው፣ በኬብል አትድከሙ።

እሺ፣ ሞቷል እንበል። እዚ ሱቅ ብትገቡ ሶስት ነገር ነው የሚያቀርቡላችሁ፣ ለ256 ጊጋ አካባቢ እኔ መጨረሻ ስዞር የተጠራልኝ ዋጋም ይሄ ነበር፦ አዲስ ግን ስሙን ሰምታችሁ የማታውቁት 2,600፣ ስላሽ ማለትም ከውጭ ከሚገቡ ያገለገሉ ላፕቶፖች የወጣ ሳምሰንግ ወይ ሃይኒክስ 3,100፣ አዲስ ኦሪጅናል ደግሞ 6,000 ገደማ። ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ዋጋው መቼ እንደሚዘል አይታወቅም፣ እናንተ ስትጠይቁ ይለያል፣ ልዩነቱን ብቻ ያዙ።

እኔ ከስላሹ ወገን ነኝ፣ አልደብቅም። ምክንያቱም 2,600ዋን በልቻታለሁ። ሻጩ «ወንድሜ አዲስ እያለ ሰው የተጠቀመበትን ምን ትሰራበታለህ» አለኝ፣ እኔም አመንኩት፣ ካርቶኑ ያምራል፣ ላስቲኩ አልተቀደደም። ሰባት ወር ሰራ። አንድ ጠዋት ማሽኑን ሳበራ የለም፣ ባዮስ የለም፣ ካዲ የለም፣ ሃያ ደቂቃዋንም ሁለት ቀን ሞከርኳት የለም። ውስጡ የአንዲት ተመራቂ ተማሪ ጥናት ነበር፣ እኛ ጋ የተጻፈ፣ ሶስቱ ምዕራፍ ቴሌግራሟ ላይ ተገኘ፣ አራተኛውን ከእጅ ጽሑፏ ላይ ሌሊቱን በነጻ እንደገና ጻፍኩላት። ሱቁ ስመለስ «ጋራንቲው እኮ አንድ ወር ነበር»። ተናድጄ ቤት ወስጄ በጠፍጣፋ ስክሩ ድራይቨር ፈለቀቅኩት። ያ ሁሉ ቀፎ ውስጥ ያለው ቦርድ የክብሪት ቀፎ አያክልም፣ ሌላው ባዶ ነው፣ ቺፑ ላይ ደግሞ ጽሑፉ ተፍቋል፣ ፍቆ ያጠፋው ሰው የተወው ጭረት በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። ቦርዱ ትንሽ መሆኑ እንኳን ችግር የለውም፣ ኦሪጅናሉም ውስጥ እንደዛ ሊሆን ይችላል። የተፋቀው ቺፕ ግን ከየት ተነቅሎ እንደመጣ ማን ያውቃል፣ «አዲስ» ያሉኝ እሱን ነው። በላዩ ሌላ 3,100 አውጥቼ ስላሽ ገዛሁ፣ ስለዚ ርካሹ 5,700 ፈጀብኝ ማለት ነው፣ ትንሽ ብጨምርበት አዲስ ኦሪጅናል ነበር እኮ።

ስላሽ ስትገዙ ግን ሱቁ ውስጥ ሰክተው ያሳዩዋችሁ፣ እምቢ ካለ ውጡ። ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለው የዲስክ ጤና ማሳያ ፕሮግራም ይከፈትና ጤናው ከ90 በመቶ በታች ከሆነ አልፈልግም በሉ። የተጻፈበትን መጠንም እዩ። ለማነጻጸር ሳምሰንግ 870 ኢቮ ባለ 250 ጊጋው 150 ቴራ (አንዱ ቴራ 1,000 ጊጋ ነው) እስኪጻፍበት ጋራንቲ አለው፣ እኔ የገዛሁት 11 ቴራ ነበር የተጻፈበት፣ ኮፒ ቤት በቀን 10 ጊጋ ቢጽፍ እንኳን በዓመት 4 ቴራ አይሞላም። ያገለገለ ተብሎ የሰራበት ሰዓት ዜሮ ከሆነ ደግሞ ቆጣሪው ተነካክቷል፣ ተዉት። ቤት ስትደርሱ እውነተኛ መጠኑን የሚፈትነውን ፕሮግራም፣ ኤች2ቴስትደብሊውን፣ ለቃችሁ ሙሉውን ሙሉት፣ በተለይ 2 ቴራ በርካሽ ብለው የሚያዞሩትን፣ ውስጡ ሚሞሪ ካርድ የተለጠፈበት አለ።

አዲስ ኦሪጅናል መጥፎ ነው አላልኩም። ፒችትሪ ላይ የድርጅት ሂሳብ የሚሰራ ሰው 6,000ውን ይክፈል። ግን ካርቶኑ ላይ 5 ዓመት ቢልም እዚ የሚይዝላችሁ ሻጩ ደረሰኝ ላይ የጻፈው ብቻ ነው። ደግሞ ዋጋው ወደ ስላሹ ከተጠጋ ኮፒ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ፣ ሳምሰንግ ከሆነ ማጂሺያን የሚባለውን የራሱን ሶፍትዌር ጭናችሁ እዩት። አዲስ አበባ ይረክሳል ብሎ 400 ብር ለማትረፍ መርካቶ የሚወርድም አለ፣ የመኪናው፣ የምሳው፣ ሱቅ ተዘግቶ የዋለበት ሲደመር እዚሁ ገዝቶ ቢሆን ይተርፈው ነበር፣ ሲበላሽ መመለሱንም አስቡት።

አንድ የረሳሁት፣ ላፕቶፕ ላይ ለምትገዙ። ያቺ የማስቲካ ቅርጽ ያላት ኤም ዶት 2 ኤስኤስዲ ሁለት አይነት ናት፣ ሳታና ኤንቪኤምኢ፣ ከማሽኑ ጋ የሚነጋገሩበት መንገድ ይለያያል። ሶኬቱ ሳታ ብቻ የሚቀበል ከሆነ ኤንቪኤምኢው ቢሰካበትም ባዮሱ አያየውም፣ ሰውየው ደግሞ «አዲሱም ሞቶ መጣ» ብሎ ይጣላል። የድሮውን ነቅላችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ትናንት ማታ ፎቶ የላከልኝ ልጅ ባዮስ ግባ ብዬው ገባ፣ ስሙ አለ፣ ቡት ኦርደሩ (ማሽኑ ለመነሳት ዲስኮቹን የሚያይበት ተራ) ላይ ፍላሹ አንደኛ ሆኖ ነው። ፍላሹን ነቀለው፣ ዊንዶውሱ ገባ።